ምጣዳችን በዓመት ስንት ጊዜ ይጠገናል?

በወርኃዊ ስብሰባችን መጨረሻ፣ አጀንዳው ሁሉ ካለቀና ሰው ጋቢውን እያስተካከለ ከተነሳ በኋላ፣ በር ላይ የሚጀመር አንድ ጨዋታ አለ። «የናንተ ምጣድ እንዴት ነው?» ይባላል። አንዷ እናት ሽቦው ተቃጥሎ ከተሠራ ወር አልሞላውም፣ ዛሬም አልግል አለኝ ትላለች። ሌላዋ ደግሞ የኔስ የመጀመሪያ ልጄን ስድር የገዛሁት ነው፣ የልጅ ልጅ አየሁበት፣ የተነካው አንዴ ብቻ ነው ትላለች። ከዚያ ከጋሼዎቹ አንዱ ጣልቃ ይገቡና «ሁሉም ዕድል ነው» ብለው ጨዋታውን ይዘጉታል።

ይህ ዝግጅት ክፍል ዕድል ነው በሚለው አይስማማም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ መስመር፣ ከአንድ ገበያ የተገዙ ሁለት ምጣዶች አንዱ ዓመታትን ሲያገለግል ሌላው በየሁለት ወሩ ባለሙያ የሚያስጠራ ከሆነ ምክንያት አለው። ምክንያቱም ሊታወቅ የሚችል ነው።

ነገሩን የማጀት ወሬ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። በሌላው ዓለም በብርድ አገር የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውን የሚያሞቅ ማሽን አላቸው፤ ክረምታቸው ሳይገባ ያስመረምሩታል፣ ያስጠርጉታል፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለና ማን እንደጠገነው ይመዘግባሉ። እኛ ደሴዎች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን፣ ከጦሳ የሚወርደውን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ እየተቀበልን፣ እንዲህ ያለ ማሽን የለንም። እሳታችን የማዕድ ቤት እሳት ነው። የሚያበላንም የሚያሞቀንም ምጣዱ፣ ስቶቩና ከሰል ማንደጃው ነው። ውሃ እንኳ እኛ ዘንድ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምናገኛት ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች በ94 ገደማ ይፈላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ባቄላ የቀቀለች ግን ታውቀዋለች። ከፍ ባለ አገር ንፍሮ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ማለት ደግሞ ከሰል ወይም መብራት ማለት ነው። የኮምቦልቻ ዘመዶቻችን ስለ ቤት ማሞቂያ እምብዛም አይጨነቁም። በምጣድ ጉዳይ ግን ከኛ የተለዩ አይደሉም፣ ሽቦው ያው ሽቦ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ምስጢር የለውም። ከላይ ሸክላው አለ። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ከሥር ይሸፈንና ሁሉም በቆርቆሮ ይታቀፋል። ሽቦው ኒክሮም የሚባለው የኒኬልና የክሮሚየም ቅልቅል ነው፤ የተመረጠበትም ምክንያት ቀልቶ እየጋለ እንኳ ቶሎ ስለማይበላ ነው። የተለመደው የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ይህን በ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፔር ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ያህል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ከቤታችን ዕቃ ሁሉ መስመራችንን እንዲህ የሚጎትት ሌላ የለም።

እንግዲህ ወደ ጥገናው እንምጣ። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ የሚጠራው ሠሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው። የተቃጠለውን ቆርጦ ይጥላል፣ የቀሩትን ሁለት ጫፎች ሳብ ሳብ አድርጎ ያጠማዝዛቸዋል፣ ሰክቶ ያሳያል። ምጣዱ ይግላል። እንዲያውም ከበፊቱ ፈጥኖ ይግላል! ባለቤቷም «እጁ ይባረክ፣ አዲስ አደረገው» ትላለች። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የፈጠነው ሽቦው ስላጠረ ነው። ሽቦ ሲያጥር ኤሌክትሪኩን የሚገታው ነገር ይቀንሳል፣ የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ከሽቦው አንድ ዐሥረኛው ተቆርጦ ቢጣል፣ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 3,900 ይጠጋል። ይህ የጨመረ ሙቀት ደግሞ የሚያርፈው ባጠረ ሽቦ ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዷ ስንዝር ሽቦ ከበፊቱ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተጨማሪ ሙቀት ትሸከማለች። ሁለተኛው ጥገና ከመጀመሪያው ያነሰ የሚቆየው፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ዓይን ስላረፈበት አይደለም። ተጠማዞ የተቀጠለው ቦታም የራሱ ጣጣ አለው። ካልጠበቀ ይፈነጥቃል፣ ከሌላው በላይ ይግላል፣ ቀድሞ የሚበጠሰውም እሱ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ለኪስም የሚበጅ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የተቀጠለ ሽቦ ዳግመኛ ከተበጠሰ መቀጠሉ ይቅርና ሙሉውን ማስቀየር ይሻላል። ሠሪው አዲሱን ሽቦ ሲዘረጋም ቆሞ ማየት ነው፤ ጥቅልሉ አንዱ ጋ ተጨናንቆ ሌላው ጋ ከተሳበ፣ የተጨናነቀበት ቦታ እንጀራውን ያሳርራል፣ የተሳበበት ደግሞ ዓይን አያወጣም። እንጀራው ራሱ ይናገራል። በአንድ ጎን ብቻ የሚያርር ምጣድ ሊበጠስ የተቃረበበትን ቦታ እያሳየ ነው።

ሸክላውን በሚመለከት እናቶቻችንን እናስተምር ብንል ድፍረት ይሆናል። ምጣድ በጎመን ዘር ተሟሽቶ፣ በማሰሻ ታሽቶ፣ ቀስ እያለ እንዲለምድ መደረግ እንዳለበት ከኛ በፊት ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በጥንቱ የእንጨት ምጣድ ላይ ስንጥቅ ቢኖር ጉዳቱ ለእንጀራው ነበር። በኤሌክትሪኩ ግን በስንጥቁ የሚወርደው ሊጥ ሽቦው ላይ ይደርሳል። ሊጥ ኮምጣጣ ነው፣ እርጥብ ነው፤ ሽቦውን ይበላል፣ ኤሌክትሪኩንም ወደ ቆርቆሮው ያሻግራል። «ትንሽ ይነዝራል፣ ግን ይሠራል» የሚባለው ምጣድ እንዲህ ያለው ነው። ይሄ አነጋገር በሰፈራችን በጣም የተለመደ ሆኗል። የሚነዝር ምጣድ የሚሠራ ምጣድ አይደለም። በእርጥብ የጭቃ ወለል ላይ በባዶ እግር ቆማ፣ በእርጥብ እጇ አክንባሎ የምታነሳ ሴት ከሞት ጋር ያላት ርቀት በጣም ትንሽ ነው። ምጣዱን ከመሬት የሚያገናኘው ሦስተኛው ሽቦ፣ ሠሪዎቹ ግራውንድ የሚሉት፣ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። ስንቶቻችን ቤት ነው ያ ሽቦ ተቆርጦ የተጣለው? ሄዳችሁ እዩት።

መስመሩም እንደዚያው ነው። ለአምፖል የተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ገመድ 16 አምፔር ለሁለት ሰዓት ተሸክሞ ቢግል፣ ላስቲኩ ቢቀልጥ፣ ግድግዳው ውስጥ ቢያጨስ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም። ለምጣድ ቢያንስ ባለ 2.5 ካሬ፣ ማዕድ ቤቱ ከቆጣሪው ከራቀ ባለ 4 ካሬ፣ ለብቻው ተዘርግቶ የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መቀየር፣ ፊውዙም ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ ወይም በሚስማር መተካት በየግቢው ይታያል። የሚጮኸውን ዘበኛ አፉን እንደ ማፈን ያለ ነገር ነው። ብሬከሩ የሚወርደው አንድ ነገር አይቶ ነው።

እዚህ ላይ የቀበሌ ቤት ነገር መነሳት አለበት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከዞሩ ወዲህ፣ አንድ የነበረው ቤት ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ የተከፈለበት ግቢ በከተማችን ብዙ ነው። መስመሩ ግን አልተከፈለም። በአንድ ቆጣሪ ሥር ሦስት ምጣድ አለ። ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደለም፣ ለምን ብዬ ገመድ ልቀይር?» ይላል፣ ባለቤት የሆነው አካል ደግሞ ከውስጥ ያለውን ተከራዩ ያድሰው ይላል። በግል ቤት ተከራይተው በሚኖሩትም ዘንድ ያው ነው። በዚህ መሐል ገመዱ ያረጃል። ክፍያውም ቢሆን ለጋራ ቆጣሪ አይመችም። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ ለመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት የምትጋግር አንዲት ቤት በምጣድ ብቻ በወር 60 ያህል ትጨርሳለች። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር የት እንደሚደርስ አስሉት፤ ድኻው ከሀብታሙ በላይ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ስለተደረገ ደግሞ ቆጣሪ የመለያየቱ ጉዳይ ይደር የሚባል አይደለም። ማኅበራችን የየግቢውን ማመልከቻ አሰባስቦ በአንድ ላይ ቢያቀርብ ከተናጠል ምልልስ የተሻለ ውጤት ይኖረዋል ብለን እናምናለን።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ ነው። ይሁን እንጂ ከጉባ የተነሳው ኃይል እኛ ቤት የሚደርሰው በሰፈራችን ትራንስፎርመር፣ ከዚያም በዚያችው በቀጭኗ ገመድ በኩል ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ምጣዱን ሲሰካ መስመሩ ይደክማል። 220 መሆን የሚገባው ቮልት ወደ 180 ቢወርድ፣ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,300 ያህል ይሆናል፤ ማለትም ከኃይሉ ሲሶው ይጠፋል። እንጀራው አልበስል ይላል፣ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ሰዓቱ ሲረዝም ሌላዋም ትሰካለች፣ መስመሩ የባሰ ይወርዳል። የበዓል ዋዜማ ማታ መብራት የሚጠፋብን ሁልጊዜ ከላይ ስለተቆረጠ አይደለም፤ አንዳንዴ እኛው ነን የምናጠፋው።

በዚህ ረገድ ወሎ ውስጥ መኖራችን ይጠቅመናል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ አጥር የሚኖርበት ሰፈር ነው። በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት ያሉትን ሁለት ሰዓታት ክርስቲያኑ ጎረቤት ምጣዱን ባይሰካ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማም እስላሙ ጎረቤት እንዲሁ ቢያደርግ ማን ይጎዳል? ይህን አንዳንድ ግቢዎች ማንም ሳያዛቸው ሲያደርጉት ኖረዋል። ሌላም ልማድ አለ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ ተከታትለው መጋገር። ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው መብራት አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። ምጣዱም እየጋለና እየቀዘቀዘ አይደክምም፤ ሽቦን የሚያደክመው መጋሉ ብቻ ሳይሆን መመላለሱም ነውና። ሰፈርን በተራ መክፈሉ በማስገደድ አይሆንም። በግቢ በግቢ ከተነጋገርን ግን ይሆናል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ነገር ላይ ደርሰናል። ምጣዱ ወይም ስቶቩ ተበላሽቶ እስኪሠራ፣ መብራትም ሄዶ እስኪመጣ ድረስ የምንዞረው ወደ ከሰል ነው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሳቢያ በተያዙ ጊዜ፣ መብራት ሳይኖር ያኖረን ከሰልና እንጨት ነው፤ ውለታውን አንክድም። በ1980ዎቹ ገበያ ላይ የወጣው «ላቀች» ምድጃ ከቆርቆሮው ማንደጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ይባላል፤ በዚያው ዘመን የመጣው፣ በሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። መብራት ለማያስተማምነው ቤት ሁለቱም በመጠባበቂያነት ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ላቀችም ሆነ ሌላ ማንደጃ ከሰሉን ይቆጥባል እንጂ ከመርዙ አያድንም።

ደሴ ማታ ይበርዳል። ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ፍሙ ይቀራል። «ጭሱ አልቋል፣ ቀልቷል፣ አሁን ደኅና ነው» ተብሎ ማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል። የሚገድለው ይሄ ነው። ከቀላ ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስለቅስ፣ አያስል። ከደም ጋር ለመጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይቀናዋል። ሰውነት አየር አጥቶ ሲታፈን ሰውየው የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጧት ራሱን የሚያዞረውና የሚያስመልሰው ልጅ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፤ ማታ ደግሞ እዚያው ክፍል ይተኛል። እባካችሁ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አብሮ ጧት ራሱን ካመመው ምች አይደለም። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ አይተኛም። ብርዱ ከጸና ሰዎቹ ተሰብስበው ይሙቁና፣ ከመኝታ በፊት ማንደጃው ደጅ ይውጣ። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ይህ እጥፍ ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

የምጣድ ጥገና ተራ ነገር ያልሆነውም ለዚሁ ነው። በክረምት ማግስት ስቶቩ ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት «ነገ እመጣለሁ» የሚባልባት ቤት፣ ያን ሁለት ሳምንት በከሰል ታሳልፋለች።

ስለ ሠሪዎቹም ፍርድ እንስጥ። ሁሉንም አታላይ ማለት ግፍ ነው። ብዙዎቹ ከታላቅ ወንድማቸው ወይም ከጌታቸው አይተው የለመዱ ናቸው። ሙሉ ሽቦ እንቀይር ሲሉ «ብር ልትበላኝ ነው» የምንላቸው እኛ ነን፤ ቆርጦ የሚቀጥለው በርካሽ ስለሚሠራ እሱን እንጠራለን። ከዚያ በወሩ ሲበጠስ እንሳደባለን። ገበያ ላይ ያለው ሽቦም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቀጭኑና ወፍራሙ፣ ደኅናውና ቅራሪው ተደባልቆ ይሸጣል፣ ሻጩ ሲጠየቅ «ሁሉም ያው ነው» ይላል። ደሴ ላይ የወይዘሮ ስህን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ፣ ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አላት። የሙያ ተማሪዎች በኛ ሰፈር ምጣዶች ላይ በመምህር ቁጥጥር ቢለማመዱ ለነሱም ትምህርት፣ ለኛም እፎይታ ነው። ማኅበሩ ጥያቄውን በደብዳቤ እንዲያቀርብ ሐሳብ እናቀርባለን።

ከአባላት መካከል «ማኅበሩ የመንገድና የቦይ ነው፣ ማጀት ውስጥ ምን አስገባው?» የሚሉ እንዳሉ ሰምተናል። ስብሰባው ላይ እጅ የሚያወጡት በአብዛኛው አባወራዎች ናቸው፤ ምጣዱ ጋ የሚቆሙት ግን እዚያ ያልመጡት ናቸው። ቦይ ሲደፈን የሁላችንም ጉዳይ ከሆነ፣ የአንዱ ግቢ ገመድ ሲቃጠል እሳቱ በተያያዘ የቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ስንት ቤት እንደሚሄድ ማሰብ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር ይቀርባል። አንደኛው ማኅበሩ በመዋጮው ገንዘብ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ እንዲገዛ ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ከመብራት ተነቅሎ ሲለካ 14 ኦም ያህል ማሳየት አለበት። ከጥገና በኋላ ከ12 ተኩል በታች ካሳየ ሽቦው ብዙ ተቆርጧል ማለት ነውና ሒሳብ ሳይከፈል መነጋገር ይቻላል። ሁለተኛው የጥገና መዝገብ ነው። ምጣዱ ወይም ስቶቩ መቼ ተገዛ፣ መቼ ተበላሸ፣ ምን ሆኖ ነው፣ ተቆርጦ ተቀጠለ ወይስ ሙሉ ተቀየረ፣ ስንት ተከፈለ፣ ከዚያ ስንት ወር ቆየ። የሠሪ ስም አይጻፍበትም፤ ማንንም ለማዋረድ አይደለም። ዓመት ሲሞላ የትኛው ጥገና እንደሚያዋጣ ከወሬ ይልቅ ከመዝገቡ እናነባለን።

የስብሰባው ውሳኔ ሳይጠበቅ መዝገቡ ተከፍቷል። ከዚህ ሰሌዳ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ጧት ይገኛል። የግቢያችሁን ቆጣሪ የሚጋሩትን ቤተሰቦች ቁጥርም በዚያው ላይ አስመዝግቡ፣ ለማመልከቻው ያስፈልጋል። መጻፍ የማይሆንላቸው እናቶች የምጣዳቸውን ዕድሜና የተጠገነበትን ጊዜ ብቻ ይንገሩ፤ ጸሐፊው ይሞላላቸዋል።